የበረዶ ናዳና የሰው ጥበብ

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ተራራ እንግዳ ነገር አይደለም። በአዱሊስ ቆሞ የነበረው፣ ኮስማስ የተባለው መንገደኛም በ6ኛው መቶ ዓመት ገልብጦ ያቈየልን የጥንት ንጉሥ ጽሕፈት እንኳ የስሜንን ተራሮች ሲያነሣ፣ ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት በረዶ እንዳለባቸው ይናገራል። ይሁን እንጂ በረዶ ከተራራ ተንዶ መንደር ሲቀብር ማየት የእኛ ዕጣ አልሆነም። የአልፕስ ተራራ ሕዝቦች ግን ከዚህ ጠላት ጋራ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲታገሉ ኖረዋል። የትግላቸው ታሪክ ለማንኛውም ተራራማ አገር ትምህርት ስላለው፣ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር እየጻፍን ባጭሩ ልናነሣው ወደድን።

የመጀመሪያው መከላከያ ደን ነበር። በስዊስ አገር የአንደርማት መንደር ሰዎች ከመንደራቸው በላይ ያለውን ደን ማንም እንዳይቈርጥ በ1397 ዓ.ም. በጽሑፍ ከለከሉ። ሥሩን የሰደደ ዛፍ በረዶውን ከቍልቍለቱ ጋራ ቸንክሮ እንደሚይዘው ያስተማራቸው መከራ እንጂ ትምህርት ቤት አልነበረም። ዮሐን ኮዓዝ የተባለው የደን ሹምም በኋላ የናዳዎችን ቦታና ጠባይ መርምሮ በ1881 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጣ።

ከዚህ ቀጥሎ ሳይንስ መጣ። በ1936 ዓ.ም. ጥቂት ተመራማሪዎች ከዳቮስ ከተማ በላይ ባለው ተራራ ላይ ሥራ ጀመሩ፤ በ1942 ዓ.ም. ደግሞ የምርምር ተቋም ተሠራላቸው። እነርሱም እንደ ገለጡት፣ በረዶ በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ በንብርብር ይተኛል። ከንብርብሮቹ አንዱ የደከመ እንደ ሆነ፣ በላዩ ያለው እንደ ሰሌዳ ተሰንጥቆ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ይህም በብዛት የሚሆነው ቍልቍለቱ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚደርስበት፣ ይልቁንም ነፋስ አዲስ በረዶ አምጥቶ በከመረበት ስፍራ ነው።

ዕውቀቱ ቢገኝም መከራው አልቀረም። ከ1950 እስከ 1951 ዓ.ም. በነበረው የብርድ ወራት በስዊስ ብቻ 98 ሰዎች በናዳ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ በየገደሉ የብረት አጥር ተተከለ፤ ቤት የማይሠራበትም ቦታ በካርታ ተለየ። በየካቲት 1999 ዓ.ም. እንደዚያ ያለ በረዶ ሲመለስ፣ በስዊስ የሞቱት 17 ነበሩ። በዚያው ወር ግን በኦስትሪያ በጋልቱር መንደር፣ ከአደጋ ነጻ ነው ወደ ተባለው ስፍራ ናዳ ደርሶ 31 ሰዎች ገደለ። ካርታ የሰው ሥራ ስለ ሆነ፣ ተራራው እንደ ሕግ አያከብረውም።

ዛሬ በአልፕስ በናዳ ከሚሞቱት የሚበዙት በቤታቸው ያሉ ሳይሆኑ፣ ከተጠበቀው መንገድ ወጥተው በስኪ የሚንሸራተቱ ናቸው። ናዳውንም በአብዛኛው የሚቀሰቅሰው የራሳቸው ወይም የባልንጀራቸው ክብደት ነው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የአደጋው መጠን በ5 ደረጃ ይነገራቸዋል። ሆኖም ብዙ ሰው የሚሞተው በ5ኛው ደረጃ ሳይሆን በ3ኛው ነው፤ የጐላውን አደጋ ሁሉ ይፈራዋልና፣ መካከለኛውን ግን ይደፍረዋል።

ስለዚህ ጥበበኛ መንገደኛ ሳይነሣ ማስጠንቀቂያውን ያነባል፤ አጠራጣሪውን ቍልቍለት ከባልንጀሮቹ ጋራ አንድ በአንድ እየሆነ ያልፋል፤ የተቀበረ ሰው የሚገኝበትን የሬድዮ መሣሪያ፣ መፈለጊያ ዘንግና አካፋ ሳይዝ አይወጣም። የተቀበረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ካልወጣ የመዳን ተስፋው ፈጥኖ ይመነምናል። የሚያድነውም ከሩቅ የሚመጣ ረዳት ሳይሆን አጠገቡ ያለው ጓደኛ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ያሰበበት ጫፍ በዐይኑ እየታየው «ዛሬ አይሆንም» ብሎ መመለስ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2018 ዓ.ም. ስዊሶችና ኦስትሪያውያን ከናዳ የሚጠበቁበትን ዕውቀት በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው። እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ የምናደንቀው የ1397ቱን መንደርተኞች ነው። በዚያ ብርድ አገር እንጨቱ ደጃቸው ላይ ቆሞ ሳለ ለልጅ ልጆቻቸው ሲሉ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌያችንን በቃል የምንደግመው እኛ፣ በየተራራችን ስለ ቀረው ደን ስንማከር ይህን ብናስብ ይጠቅመናል።