አናታቸው ያበጠ ካፓሲተሮች

በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ኮምፒውተር ስጠግን ደንበኞቼ የሚያመጡልኝ ችግር ተመሳሳይ ነበር፤ ማሽኑ በድንገት ይጠፋል፣ ወይም ጨርሶ አይነሳም። ብዙዎቹ «ቫይረስ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን ክዳኑን በካቻቢቴ ፈትቼ መጀመሪያ የማየው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የተደረደሩትን ካፓሲተሮች ነው። አናታቸው አብጦ ቡናማ ነገር ካወጣ ምክንያቱ ታወቀ። የመብራታችን መዋዠቅ ብቻ አልነበረም ጥፋተኛው። በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በትክክል ስላልተቀመመ፣ በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች በመላው ዓለም ተበላሽተዋል። ያበጠውን ነቅሎ፣ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቴጁም ከቀድሞው የማያንስ አዲስ መበየድ ብዙ ቦርድ ከመጣል አድኗል። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን የገለበጠ ሰው ግን ፍንዳታ ይጠብቀዋል።

ራም መጨመር ከዚህ ይቀላል። 64 ሜጋባይት ላይ 128 ሲታከል ዊንዶውስ 98 ፈጠን ይላል፤ ብቻ ባለ 168 እግሩ ኤስዲራም ለባለ 184ቱ ዲዲአር በተሠራ መሰኪያ አይገባም። የማይነሳ ማሽን ደጋግሞ ከጮኸ ደስ ይለኝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የራሙን ጥርስ በላጲስ ማጽዳት ይበቃዋልና። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ሲገባ ደግሞ ጃምፐሩን አንዱን ማስተር፣ ሌላውን ስሌቭ ማድረግ ግድ ነበር። በኋላ የመጣው ሳታ የተባለ የዲስክ ማገናኛ ይህን ጣጣ አስቀረው። መበየድን ግን ዛሬም ወጣት ጠጋኞች እንዲማሩት አጥብቄ እመክራለሁ።