ቀላል የግንዛቤ መቀነስና የአረጋውያን አረማመድ

ቀላል የግንዛቤ መቀነስ የሚባለው መርሳት በዕድሜ ከሚጠበቀው በላይ ሆኖ፣ ሰውየው ግን የዕለት ኑሮውን ራሱ መምራት ሲችል ነው። ከመርሳቱ ጋር፣ አንዳንዴም ቀድሞ፣ አካሄድ ይለወጣል፤ እርምጃ ያጥራል፣ ይዘገያል፣ ወጥነቱን ያጣል። መራመድ የእግር ሥራ ብቻ አይደለም፤ ትኩረትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ይሳተፍበታል። ስለዚህ ለውጡ የሚጎላው ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ሲሠራ ነው። አንድ የመንዝ አባት ከዘራቸውን ይዘው ወደ መሐል ሜዳ ገበያ ሲሄዱ «በጉን ስንት ሸጡት?» ቢባሉና ለመመለስ ቀጥ ብለው ቢቆሙ፣ ይህም ቢደጋገም፣ ልብ ሊባል ይገባል። የስዊድን ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ሲያወሩ መራመዳቸውን የሚያቆሙ አረጋውያን ለመውደቅ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአካሄድ መዘግየትና የመርሳት ስሞታ አብረው ሲገኙ የኋላ የመርሳት በሽታን ሊጠቁሙ እንደሚችሉ ተገለጸ።

እርግጥ የጉልበት ሕመም፣ የዓይን ሞራና ስትሮክም እርምጃን ያዘገያሉ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባትና ድባቴ ግን መርሳትንም የእርምጃ መዘግየትንም ሊያስከትሉ የሚችሉ፣ መታከምም የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ «ጃጅተዋል» ብላችሁ አትተዉ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።