ጄዳይና ደረሳ

«ስታር ዋርስ»ን መጀመሪያ ያየሁት ውርጌሳ፣ በክረምት እረፍት፣ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ነው። የብርሃን ሰይፉ ደስ ይላል። እኔን ግን የያዘኝ ሽማግሌው ጄዳይ ነበር፤ ካባ የለበሰ፣ ከከተማ ርቆ የሚኖር፣ ጎረምሳ የሚያስተምር። «ይሄን ሰውዬማ አውቀዋለሁ» አልኩ። ወሎ ውስጥ ሼህ እንለዋለን።

ነገሩ ያን ያህል የራቀ አይደለም። ፍራንክ ኸርበርት እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን «ዱን» ሲጽፍ ካነበባቸው መጻሕፍት አንዱ ስለ ኢማም ሻሚል ነበር። ሻሚል በካውካሰስ ተራሮች እስከ 1859 ሩሲያን የተዋጋ የናቅሽባንዲያ ሱፊ ነው። በ1977 የወጣው «ስታር ዋርስ» ላይ ደግሞ ከሳሙራዮቹ ጎን የ«ዱን»ም አሻራ አለ።

ጄዳዮቹ መጀመሪያ አስታራቂዎች ናቸው። በኋላ መንግሥት ጦር ሰጥቶ ጄኔራል አደረጋቸው፤ መጨረሻቸውም የመጣው ራሳቸው ሲመሩት በነበረው ጦር ነው። እኛ ሰፈር ታሪኩ በሌላ በር ነው የገባው።

ውርጌሳ ባለችበት በሐብሩ ወረዳ ዳና አለ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዳንዩል አወል የሚባሉት ሼህ አህመድ ኢብን አደም ያስተማሩበት ቦታ ነው። በወሎ እንዲህ ያለ ቦታ ትምህርት ቤትም፣ የእንግዳ ማረፊያም፣ ሸንጎም ነው። ደረሳው ከሩቅ መጥቶ ኪታብ ይቀራል፣ መንገደኛው ይበላል፣ ደም የተቃባ ይታረቃል፣ ማታ በሐድራው መንዙማ ይባላል። ይሄ ሁሉ የሚሆነው ያለ ጦር ነው።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠሩ። አገር አንድ የሚሆነው ሃይማኖት አንድ ሲሆን ነው ብለው ያምኑ ነበርና የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የምንላቸው እሳቸው ናቸው። ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ግን እምቢ አሉ፤ ተከታዮቻቸውን ይዘው ጦር አነሱ። እኚህ ሰው በአጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል፣ የአማርኛ መንዙማ የሚገጥሙ ዓሊም ነበሩ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጄዳዮቹ ሰይፉን ለመንግሥት ብለው መዘዙ። ሼህ ጠልሃ ያነሱት መንግሥት ሶላታቸው ውስጥ ሲገባ ነው። ሁለቱንም «ተዋጊ መናኝ» ብለን በአንድ ስም ብንጠራቸው፣ ጦርነቱ ከየት እንደመጣ ይጠፋናል።

እኛ ልጆች ደግሞ ይሄ ቶሎ ይጠፋናል። ጀግና ሲባል ዓይናችን የሚሄደው የታጠቀው ላይ ነው፤ ፊልሙም ያስለመደን ይሄንኑ ነው። ጦርነቱ ግን በሼሁ ዕድሜ ውስጥ ጥቂት ዓመት ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ደረሳ ሲቀራ፣ ገበሬ ሲታረቅ ነበር። ዳና ዛሬም ሰው ይሄዳል፤ የሚሄደውም ለዱዓ ነው።