ክሪክና ታኮ፦ በጅግጅጋ ጎዳና መኪና አንስቶ የመጠገን ታሪክ

መኪናን ከመሬት አንስቶ ከሥሩ ገብቶ መጠገን በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች ከመኪናው ጋር አብሮ የገባ ሙያ ነው። ከዚያ በፊት በበርበራና በዘይላ ወደቦች እና በሐረር መካከል የሚመላለሰው ሸቀጥ የሚጓዘው በግመል ነበር። ግመል ተንበርክካ ትጫናለች፣ ተንበርክካም ጭነቷ ይራገፋል። መኪና ግን ጎማው ሲፈነዳ ወይም ባሌስትራው ሲሰበር ከነጭነቱ የሚያነሳው ኃይል ይፈልጋል። የሙያው ታሪክ ሁለት ጥያቄዎችን ተከትሎ ይሄዳል፦ ይህ ኃይል ከየት ተገኘ? የተነሳውስ ሳይወድቅ እንዴት ይቆማል?

የማንሻው መሣሪያ፣ ክሪክ፣ በሁለት ዓይነት ይታወቃል። ቀዳሚው ጥርስ ባለው ጠመዝማዛ ብረት የሚሠራው ነው። ቀስ ብሎ ያነሳል፤ እጀታው ሲለቀቅ ግን ጥርሱ ራሱን ስለሚይዝ ወደ ታች አይመለስም። ሁለተኛው የዘይት ክሪክ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እ.ኤ.አ. በ1795 በፈሳሽ ግፊት ለሚሠራ መጭመቂያ የፈጠራ መብት አገኘ። ሪቻርድ ደጀን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ ይህንኑ አሠራር ከቦታ ቦታ ለሚንቀሳቀስ ክሪክ አዋለው። የትልቁ ፒስተን ስፋት የትንሹን 20 እጥፍ ከሆነ፣ በትንሹ ላይ ያረፈ 50 ኪሎ ግራም በትልቁ ላይ 1,000 ኪሎ ግራም ያነሳል። በአንጻሩ ትልቁ አንድ ሳንቲ ሜትር እንዲወጣ ትንሹ 20 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። እጀታው ደጋግሞ ከፍ ዝቅ የሚደረገው ለዚህ ነው። ክብደቱን ተሸክሞ የሚቆየው ግን ዘይቱን አፍኖ የያዘው ጎሚኒ ነው። አቧራ ጎሚኒውን ከፋቀው ዘይቱ ይሾልካል፤ ክሪኩም ሰው ሳይነካው ይወርዳል። አቧራ በሚበዛበት በጅግጅጋ ሜዳና በሐውድ የግጦሽ ምድር ይህ ድክመት ትልቅ ትርጉም አለው።

ወደ ኢትዮጵያ መኪና የገባው በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያን ጊዜ እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና በጅቡቲ በኩል አምጥቶ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ። በጅግጅጋ በኩል ሞተር በብዛት ያለፈው ግን በጦርነት ነው። ከሶማሊያ የተነሳው የጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ጦር በጭነት መኪና ተጓጉዞ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ጅግጅጋን ያዘ፤ ወዲያውም ወደ ሐረር ዘለቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው አቅጣጫ የመጣው የእንግሊዝ ጦር ሞቃዲሾ ላይ 350,000 ጋሎን ማለትም 1.6 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የመኪና ነዳጅ ማረከ። በዚህ ነዳጅ የናይጄሪያ ብርጌድ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በ17 ቀን ተጉዞ መጋቢት 8 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅግጅጋ ገባ። ማርዳ ተብሎ የሚጠራው የካራማራ በርም ከጥቂት ቀናት ውጊያ በኋላ ተለቀቀ። እንዲህ ያለው ጉዞ ያለ ክሪክና ያለ ትርፍ ጎማ የሚታሰብ አልነበረም።

ጅግጅጋ እስከ 1941 ዓ.ም. መግቢያ፣ ሐውድ ደግሞ እስከ የካቲት 1947 ዓ.ም. በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆዩ። በዚህ ዘመን ከተማዋ የሁለት ዓይነት መኪናዎች መገናኛ ሆነች። ከሐረርና ከድሬዳዋ በኩል የጣሊያን ፊያትና ላንቻ፣ ከሐርጌሳና ከበርበራ በኩል የእንግሊዝ ቤድፎርድና እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የተመረተው ላንድሮቨር ይመጡ ነበር። የጣሊያኑ ቡሎን የሚለካው በሚሊ ሜትር፣ የእንግሊዙ በኢንች ስለሆነ፣ ሁለቱንም የሚጠግን መካኒክ ሁለት ዓይነት ኪያቤ ያስፈልገው ነበር። የማንሳቱ ሥራ ግን ተመሳሳይ ነበር። የጭነት መኪናውም ላንድሮቨሩም ጠንካራ ሻንሲና አክስል ስላላቸው፣ ክሪኩ የሚያርፍበትን ቦታ ማግኘት አያስቸግርም። ኋላም ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉት ፊያት 682 የአገሪቱን የጭነት ሥራ ሲቆጣጠር፣ ክሪክ መትከል የረዳቱ የመጀመሪያ ትምህርት ሆነ። ረዳቱ ለሹፌርነት ከመድረሱ በፊት ዳገት ላይ ጎማው እንዳይንከባለል ፈጥኖ ታኮ ማስገባትን፣ ጎማ መፍታትንና ባሌስትራ መቀየርን በሥራው ላይ ይማራል።

ያ ትምህርት የሚፈተነው ደግሞ በአካባቢው መሬት ላይ ነው። በደረቁ ወራት ጠንክሮ የሚሰነጠቀው ጥቁር አፈር በበልጉና ከሐምሌ እስከ መስከረም በሚጥለው የካረን ዝናብ ይለሰልሳል፤ ወደ ሐውድ ሲወጣ ደግሞ አሸዋማ ይሆናል። ክሪክ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ መኪናውን እንደማንሳት ራሱ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከዘመመም ይንሸራተታል። መፍትሔው ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ማንጠፍ ነው። 1,000 ኪሎ ግራም የተሸከመ፣ መቀመጫው 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክሪክ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 10 ኪሎ ግራም ያሳርፋል። ከሥሩ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢገባለት ጫናው ወደ 1.1 ኪሎ ግራም ይወርዳል። ጣውላ በሌለበት ድንጋይ ይነጠፋል። ይሁን እንጂ ድንጋይ ክብደት ሲያርፍበት በድንገት ሊፈረካከስ ስለሚችል፣ ከክሪኩ ሥር ከማንጠፍ ይልቅ ከጎማ ፊትና ኋላ ታኮ አድርጎ መጠቀሙ ይሻላል።

ከመሬቱ ሌላ ሙያውን የፈተነው ጦርነትና ድርቅ ነው። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅግጅጋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነፃ ወጣች። ከአሥር ዓመት በኋላ በሐርጌሳ የተነሳው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰዎችን ወደ ሐርተሼክ የስደተኞች ካምፕ አመጣ። በዚያ የከርሰ ምድር ውኃ በቅርብ ስለማይገኝ፣ ካምፑ እስከተዘጋበት እስከ 1996 ዓ.ም. ድረስ ውኃ ከጅግጅጋ በቦቴ ይመላለስ ነበር። የሐውድ አርብቶ አደሮች ጉድጓድ ቆፍረው በሲሚንቶ የሚለስኗቸው ቢርካዎችም በድርቅ ዓመት የሚሞሉት በቦቴ ነው። አንድ ሺህ ሊትር ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ከዚህም በላይ ውኃው ታንኩ ውስጥ ይላጋል። ሙሉ ቦቴ ሲነሳ ክብደቱ ወደ አንድ ወገን ሊሄድ ስለሚችል፣ ቢቻል ውኃውን ቀድሞ መገልበጥ፣ ካልተቻለም አንዱን ጎማ ብቻ በትንሹ ማንሳት ይበጃል። በጥም ለተያዘ መንደር ቦቴውን ቶሎ አንስቶ ማስነሳት የሕይወት ጉዳይ ነበር።

ከሐረር ጅግጅጋ፣ ከጅግጅጋም ቶጎ ውጫሌ አስፋልት ከተዘረጋ ወዲህ የመኪናው ዓይነትም የሥራው ፍጥነትም ተለውጧል። አይሱዙ፣ ላንድክሩዘርና አነስተኛ የጃፓን የቤት መኪናዎች በዝተዋል። ከአወዳይ የሚነሳው ጫት በአንድ ሁለት ቀን ዋጋውን ስለሚያጣ፣ መንገድ ላይ የቆመ መኪና በየሰዓቱ ያከስራል፤ ደጋፊ የብረት እግር ሳይተከል ከመኪና ሥር መግባትን የሚያስለምደውም ይኸው ችኮላ ነው። ባጃጅ ቀላል ስለሆነች በጥቂት ሰው እጅ በጎኗ ጋደም ተደርጋ ትጠገናለች። ትልልቅ መኪናዎች ደግሞ ጉድጓድ ላይ ይቆማሉ። ጉድጓድ መኪና የማንሳትን አደጋ ያስቀራል፤ ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ እዚያው ታች ይጠራቀማል፣ በአንዲት ብልጭታም ይቀጣጠላል። አሜሪካዊው ፒተር ሉናቲ እ.ኤ.አ. በ1925 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ መኪናውን ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ የሚያወጣው ማንሻ ሁለቱንም ችግር ያቃልላል፤ ሆኖም ጠንካራ ኮንክሪትና ካፒታል ይጠይቃል።

በቤት ግቢ የሚጠገን አሮጌ ቀላል መኪና፣ በተለይም ዝቅ ብሎ የተሠራ የስፖርት መኪና፣ ከጭነት መኪናው ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙዎቹ ራሱን የቻለ ሻንሲ የላቸውም፤ ወለላቸውም ስስ ቆርቆሮ ነው። ፋብሪካው የተወላቸው የክሪክ ማረፊያም በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ማረፊያው በመዶሻ እጀታ ተመትቶ ይፈተሻል። መኪናው ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይቆማል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ የማይነሱት ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይገባላቸዋል። የጎማው ቡሎን መኪናው ገና መሬት እንደረገጠ ይላላል። ከዚያ ክሪኩ ቀጥ ብሎ ይተከላል፣ መኪናው ይነሳል፣ ከጠንካራው ብረት ሥር ደጋፊ የብረት እግር ይገባና ክብደቱ ወደ እርሱ ይወርዳል። መኪናው በእጅ ተገፍቶ አለመነቃነቁ ይረጋገጣል። የተፈታውም ጎማ ከመኪናው ሥር ይጋደማል፤ ድጋፉ ቢከዳ እንኳ ለሰው የሚተርፍ ክፍተት ያስቀራልና።

በዚህ ጎዳና ያለፉት መኪናዎች በዘመንም በአገርም ቢለያዩም፣ ሁሉም ያጸኑት ሕግ አንድ ነው፦ ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለመያዝ አልተሠራም። የጋራዥ ባለቤቶች ታኮ፣ ጣውላና ደጋፊ ብረትን ከኪያቤ እኩል የሥራ ዕቃ አድርገው ሊያሟሉ፣ አሠሪዎችም ለረዳቶቻቸው እነዚህን ለመትከል የሚበቃ ጊዜ ሊሰጡ ይገባል።