የቤት ውስጥ ትምህርት ድጋፍ (ዩናይትድ ስቴትስ)

የቤት ውስጥ ትምህርት ድጋፍ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሳይልኩ ራሳቸው የሚያስተምሩ ወላጆች የሚገለገሉባቸው የማስተማሪያ ግብዓቶች፣ ማኅበራትና ተቋማት የወል መጠሪያ ነው።

ከቀደምቶቹ አንዱ የባልቲሞሩ ካልቨርት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1906 ትምህርቱን በፖስታ ለቤተሰቦች ማዳረስ ጀመረ። ጆን ሆልት በ1977 ያቋቋመው «ግሮዊንግ ዊዝአውት ስኩሊንግ» የተሰኘ መጽሔት ተራርቀው የሚኖሩ ወላጆችን አገናኘ፤ በ1983 የተመሠረተው የቤት ውስጥ ትምህርት የሕግ ጥብቅና ማኅበር ደግሞ ለአባላቱ በፍርድ ቤት ይሟገታል። ልጆችን በቤት ማስተማር በ50ዎቹም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ የማሳወቅና የምዘና ግዴታዎች ግን ከግዛት ግዛት ይለያያሉ።

ዋና ዋናዎቹ የድጋፍ ዓይነቶች የተሟሉ የመማሪያ ጥራዞች፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየሞች፣ እንደ ካን አካዳሚ ያሉ ነጻ የኢንተርኔት ትምህርቶችና የወላጆች የትብብር ቡድኖች ናቸው። በትብብር ቡድን ወላጆች ሥራውን እንደየችሎታቸው ይከፋፈላሉ፦ አንዷ የኬሚስትሪ ሙከራ ስታሠራ ሌላው ድርሰት ያርማል።

ድጋፉ የወላጅን ጫና ያቃልላል፤ ትምህርቱን ከልጁ ዝንባሌና ፍጥነት ጋር ለማጣጣም ያስችላል፤ ልጆችም ከእኩዮቻቸው ጋር አብረው የሚማሩበትን ዕድል ይፈጥራል።