ታንኳ የሚደርቅበት ዳርቻ

ባሕር ዳር ባደርኩበት አንድ ጠዋት ከጣና ዳር ቀጥ ብለው የቆሙ የደንገል ነዶዎች አየሁና የአጥር መሥሪያ መሰሉኝ። ቀረብ ስል ታንኳዎች ናቸው፤ ከሥራቸው ውሃ ይንጠባጠባል።

«ለምን አቆሟቸው?» አልኳቸው አንዱን አረጋዊ ባለታንኳ።

«ውሃ ጠጥቷል ልጄ፤ ካልደረቀ ነገ አይሸከመኝም» አሉኝ።

ደንገል የሚንሳፈፈው በውስጡ ባለው አየር ነው። ውሃ ላይ በቆየ ቁጥር ይከብዳል፤ ካላደረቁት ቶሎ ይበሰብሳል። ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች ከማሰሩ ባልተናነሰ ለማድረቁ የሚጨነቁት ስለዚህ ነው።

ይህንኑ ደንገል በውቅያኖስ ላይ የፈተነው ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነበር። ከጣና የታጨደውን ግብፅ አስጭኖ፣ ከጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ከቻድ ሐይቅ ባመጣቸው ሠሪዎች «ራ»ን አሠራ። (የጣናን ደንገል ወስዶ የጣናን ሠሪ መተዉ እስካሁን ይከነክነኛል።) «ራ» በግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች፤ ስምንት ሳምንት ገደማ እንደተጓዘች ጎኗ ውሃ ጠጥቶ፣ ኋላዋ ዘቅጦ፣ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። በዓመቱ የቦሊቪያ ሠሪዎች አጥብቀው ያሰሯት «ራ 2» በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ሁለቱም ግን በመንገዳቸው ለአንድ ሌሊት እንኳ ወጥተው የሚደርቁበት ዳርቻ አልነበራቸውም።

የጣናው ታንኳ ዳርቻ አለው። እሱም ቢሆን በሆቴልና በመናፈሻ እየጠበበ ነው። አረጋዊው የእሳቸውን ያስደገፉት ከአንድ ሆቴል አጥር ላይ ነበር፤ እኔ እዚያው ቆሜ ሳለሁ ጥበቃው መጥቶ «አባባ፣ ከዚህ ያንሱት» አላቸው።