ላብና ልብ

ከጥቂት ወራት በፊት እናቴ ለቀዶ ሕክምና ገብታ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ በሩን በሩን ሳይ፣ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልኝ የእጅ ሰዓት ነዘረኝ። ዝቅ ብዬ ሳየው፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ሳልንቀሳቀስ የልቤ ምት በደቂቃ ከ120 በላይ እንደሆነ የሚገልጽ መልእክት ወጥቶበታል። እውነቱን ነው። ግን ምን ላድርገው? መልእክቱን አጥፍቼ እጄን ጉልበቴ ላይ መለስኩ። አጠገቤ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ እናት እጄን ያዝ አደረጉና «ላብ በላብ ሆነሃል እኮ ልጄ፤ ማንን አስገብተህ ነው?» አሉኝ። እናቴን አልኳቸው። እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን አስገብተው ነበር። ስለ ልጁ ያወሩኝ ጀመር፤ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሰፈራቸው፣ ሐኪሙ ስላላቸው ነገር። ሰዓቱን ድጋሚ ሳየው 88 ይላል።

ሰዓቱ የልቤ ምት ስንት እንደደረሰ ነገረኝ፤ እሳቸው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ያ ነገር አልለቀኝ ብሎ፣ ሰው ጭንቀቱን በመሣሪያ ለመለካት የደከመበትን ታሪክ ሳገላብጥ ሰነበትኩ። በሁለት ሺህ ዓመት ውስጥ መሣሪያው እጅግ ረቅቋል። ሕመምተኛው የተጠቀመው ግን ከመሣሪያው ጎን ጠያቂ በተገኘ ጊዜ ነው።

ከሮም እንጀምር። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ይሠራ የነበረው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን እንቅልፍ ያጣች ሴት እንዲያይ ተጠራ። ትኩሳት የላትም። ሲጠይቃት በቅጡ አትመልስም፤ ፊቷን ሸፍና ትዞርበታለች። ጋሌን እዚያው ሳለ ከቲያትር ቤት የመጣ አንድ ሰው ፒላደስ የሚባለው ዳንሰኛ ሲጫወት አይቶ እንደመጣ አወራ። የሴቲቱ መልክ ተለዋወጠ። ጋሌን እጇን ሲይዝ የደም ሥሯ ትርታ ተዘበራርቋል። በማግስቱ አንዱን ሰው አዘጋጅቶ የሞርፈስን፣ የሌላ ዳንሰኛ ስም አስጠራ። ትርታዋ አልተነቃነቀም። በሦስተኛው ቀን የሌላ ሰው ስም፤ አሁንም ጸጥ። በአራተኛው ፒላደስ ሲባል ትርታው እንደገና ተናወጠ። የሴቲቱ ሕመም ፍቅር ነበር።

እኔን የሚያስደንቁኝ መካከለኛዎቹ ሁለት ቀናት ናቸው። ሌላ ሐኪም ቢሆን ገና በመጀመሪያው ቀን አወቅሁ ብሎ ይሄድ ነበር። ጋሌን ግን የትርታው መናወጥ ብቻውን ምንም እንደማይናገር ስለገባው ስም እየለዋወጠ ጠየቀ። ይኸው ሐኪም የሀብታም ቤት መጋቢ የነበረ የአንድ ባሪያንም ታሪክ ጽፏል። መጋቢው ለጌታው ሂሳብ ማስረከቢያው ቀን ሲቀርብና የጎደለውን ሲያስበው እንቅልፍ አጥቶ ከሰውነት ወጥቶ ነበር። የሂሳቡ ፍርሃት ሲነሳለት ዳነ። መዝገብ ቤት ወይም ግምጃ ቤት የሠራ አንባቢ የዚህን ሰው ሌሊት ያውቀዋል።

የጋሌን መሣሪያ ጣቱ ነበር። ቁጥር የመጣው ዘግይቶ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ በክር ጫፍ ክብደት አንጠልጥሎ፣ የክሩ ውዝዋዜ ከሕመምተኛው ትርታ ጋር እስኪገጥም ድረስ ክሩን ያስረዝምና ያሳጥር ነበር። የትርታውን ፍጥነት የሚያነበው ከክሩ ርዝመት ነው። ሰውየው ከዚህም አልፎ ወንበሩን ሚዛን ላይ ሰቅሎ እዚያው እየበላ፣ እየተኛ፣ ራሱን ለዓመታት መዘነ። ዓይን የማያየው ላብ ከሰው ገላ ምን ያህል እንደሚወጣ ለማወቅ ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ፍሎየር ደግሞ በ1707 የሐኪም የትርታ ሰዓት የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ሐኪሞች የልብ ምትን በደቂቃ ሰፍረው እንዲቆጥሩ መከረ። ዛሬ ክሊኒክ ስንገባ የሚቆጠርልን በዚያው መንገድ ነው።

ላብ በኤሌክትሪክ የተለካው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። ሲጨንቀን መዳፋችንና የእግራችን መርገጫ ያልባል። ይህ ላብ ከሙቀት ይልቅ የስሜት ላብ ነው፤ እኛ ሳናዘው የሚሠራው ነርቭ የላብ ዕጢዎቹን ሲቀሰቅስ ጨዋማ ውሃ ወደ ቆዳ ይወጣል፣ ጨዋማ ውሃ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። በ1888 ፈረንሳዊው ሻርል ፌሬ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት በሰው ገላ አሳልፎ ስሜት ሲነካ የመለኪያው መርፌ እንደሚንቀሳቀስ አሳየ። በ1890 ጆርጂያዊው ኢቫን ታርካኖቭ ከውጭ ጅረት ሳያስገባ ከቆዳው ራሱ ለካ። የሂሳብ ጥያቄ መስጠት ብቻ መርፌውን ያስነሳው ነበር።

ይህን ዘዴ ከንግግር ጋር ካጋቡት አንዱ ወጣቱ የአእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ ነው። ዙሪክ በሚገኘው የቡርግሆልዝሊ የአእምሮ ሆስፒታል፣ የታማሚው እጅ ከጋልቫኖሜትር፣ ከኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያ ጋር ይያያዝና ዩንግ ቃላት በተራ ይጠራል፦ ራስ፣ አረንጓዴ፣ ውሃ፣ ሞት። ታማሚው መጀመሪያ የመጣለትን ቃል ይመልሳል። በመሣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መስታወት የብርሃን ጭረት ትጥላለች፤ ጭረቷ መለኪያ ሠሌዳው ላይ ስትንሸራተት ያ ቃል አንድ ነገር ነክቷል ማለት ነው። ዩንግ በ1907 ከአሜሪካዊው ፍሬደሪክ ፒተርሰን ጋር ውጤቱን አሳተመ። ጭረቷ የት ቦታ እንደሚያም ትጠቁማለች፤ ለምን እንደሚያም ለማወቅ ዩንግ መሣሪያውን ትቶ ወደ ታማሚው መዞር ነበረበት።

ያንን የዘነጉ ሰዎች ብዙ ጉዳት አድርሰዋል። በ1921 ካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ከተማ የፖሊስ ባልደረባው ጆን ላርሰን የደም ግፊትንና አተነፋፈስን በአንድ ላይ የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ፤ ውሸት መርማሪ የሚለው ስም ወጣለት። የደም ግፊትም፣ ትንፋሽም፣ ላብም ግን ውሸትን ከፍርሃት አይለዩም። ንጹሑ ሰው ፖሊስ ፊት ተቀምጦ ይሸበራል፤ የለመደው አታላይ አይሸበርም። ላርሰን ራሱ ኋላ ላይ በሠራው መሣሪያ አዝኗል። ሆኖም በአሜሪካ የግል ቀጣሪዎች አብዛኞቹ ሠራተኞቻቸውን በዚህ እንዳይፈትኑ ሕግ የከለከላቸው በ1988 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንቱ ሰው እጁ ስላላበው እንጀራውን አጥቷል።

የሳይንሱ ቋንቋም በእነዚሁ ዓመታት ተደላደለ። የሃርቫርዱ ዋልተር ካነን ገና ተማሪ ሳለ የድመትን ሆድ በራጅ ሲያይ፣ ድመቷ ስትሸበር የጨጓራዋ እንቅስቃሴ ቀጥ እንደሚል አስተዋለ። «ሆዴን ባር ባር አለው» ለሚል ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ካነን ግን ነገሩን ተከታትሎ በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ፣ አደጋ ሲመጣ ገላ ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ አስረዳ። በ1936 ደግሞ ሞንትሪያል የነበረው ሃንስ ሰልዬ፣ ልዩ ልዩ መከራ ያሳያቸው አይጦች ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳት እንደሚታይባቸው በአንዲት አጭር ጽሑፍ አስታወቀ፤ ጨጓራቸው ይቆስላል፣ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ያብጣል። ስትረስ የሚለውን ቃል ከመሐንዲሶች ወስዶ ለሕክምና ያስለመደው እሱ ነው። እኛ ውጥረት ያልነው ቃል ግሩም ነው። ቆዳ ከበሮ ላይ ሲወጠር ያየ ሰው ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አያሻውም።

የመለካቱን ያህል የማርገቡ ታሪክ አይወራም፤ ለእኔ ግን የሚበልጠው እሱ ነው። ቺካጎ ውስጥ ኤድመንድ ጃኮብሰን የሚባል ሐኪም፣ ተረጋጋሁ የሚል ሰው ጡንቻ ገና እንደተወጠረ መሆኑን እስከ ሚሊዮንኛ ቮልት በሚለካ መሣሪያ ተከታተለ። ያስተማረው ግን ቀላል ነገር ነው፦ ክንድህን ወጥረው፣ ምን እንደሚሰማህ አስተውል፣ ልቀቀው። ከክንድ ወደ እግር፣ ከእግር ወደ ግንባር። መጽሐፉ በ1929 ወጣ፤ ዘዴው እስከ ዛሬ በሥነ ልቦና ሕክምና ይሰጣል፣ አንድ ሳንቲምም አያስወጣም።

በ1960ዎቹ ተመራማሪዎቹ ኒል ሚለርና ሊዮ ዲካራ አይጦች የልባቸውን ምት ራሳቸው መቆጣጠር ተማሩ ብለው ዓለምን አስገረሙ። በ1969 የመስኩ ሰዎች ካሊፎርኒያ ላይ ማኅበር መሠረቱ፤ ሥራቸውም ባዮፊድባክ ተባለ፤ ሰው የገላውን ምልክት በመሣሪያ እያየ ራሱን የሚያረጋጋበት ትምህርት ነው። የአይጦቹ ሙከራ ሲደገም ግን ውጤቱ አልመጣም። ሚለር ስሙ የቆመበትን ግኝት ሊደግመው እንዳልቻለ በ1974 ራሱ ጽፎ አስታወቀ። ይህን ያህል ቀና ሳይንቲስት ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አከብረዋለሁ።

ከዚያ ሁሉ ፍተሻ ተርፈው ከቀሩት አንዱ ትንፋሽ ነው። ሰው በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል በዝግታ ሲተነፍስ የልቡ ምት ከትንፋሹ ጋር እየተስማማ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሚያረጋጋው ነርቭም ጉልበት ያገኛል። በ2001 ጣሊያናዊው ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቹ በ23 ሰዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ በላቲን የማርያምን ጸሎት በመቁጠሪያ የሚደግም ሰው ሳያስበው ትንፋሹ ወደዚሁ ስድስት እንደሚወርድ አሳዩ፤ የዮጋ ማንትራም እንዲሁ። ይህን ሳነብ አያቴ ማለዳ በመቁጠሪያዋ 41 ጊዜ እግዚኦ ስትል ትዝ አለችኝ፤ ጣቷ ከፍሬ ወደ ፍሬ ሲያልፍ፣ ድምፅዋ እየወረደ እየወረደ ሲሄድ።

የልብ መለኪያ መሣሪያው ራሱ ግን ለብዙ ዘመን የቤት ዕቃ አልነበረም። ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆፈን በላይደን ከተማ የልብን ኤሌክትሪክ የመዘገበበት ማሽን ወደ 270 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ በ1924 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለት ሥራ ነው። አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር በ1940ዎቹ መጨረሻ ጀርባ ላይ የሚታዘለውን ሠራ፤ 38 ኪሎ ያህል። በ1969 አፖሎ 11 መንኮራኩር ሲነሳ የጠፈርተኛው ኒል አርምስትሮንግ ልብ 110 ሲመታ፣ ጨረቃ ላይ ሲያርፉ 150 ደርሶ ነበር። ድምፁን የሰማ ግን ምንም አላወቀበትም። ዛሬ አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ላይ አብርቶ ደም ምን ያህሉን እንደዋጠው የሚያነብ ሰዓት እጃችን ላይ ነው፤ ከልብ ምት ተነስቶም የውጥረት ነጥብ ይሰጠናል።

ነጥቡ ምን ያህል ይታመናል? በዚያው በላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 800 ለሚጠጉ ተማሪዎች ሰዓት አስረው ለሦስት ወር ያህል ስሜታቸውን በቀን አራት ጊዜ ጠየቁ። በ2025 በወጣው ውጤት መሠረት የሰዓቱ የውጥረት ነጥብና ተማሪዎቹ ተጨንቄያለሁ ያሉበት ጊዜ የተያያዘ አልነበረም ማለት ይቻላል። ልብ በደስታም ይፈጥናል፤ ፍቅረኛውን ያገኘ ተማሪና ፈተና የገባ ተማሪ ለሰዓቱ አንድ ናቸው።

የሚለካውን ንቆ መተው ግን ስህተት ነው፤ ማስረጃዬ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዋ ሮዛሊንድ ፒካርድ ናት። በአንድ የገና ዕረፍት አንድ ተማሪዋ፣ ኦቲዝም ያለበትና መናገር የማይችል ታናሽ ወንድሙን ምን እንደሚያስጨንቀው ለማወቅ የላብ መለኪያ አንባሮች ከእሷ ተውሶ ሄደ። በሁለቱም የልጁ እጆች ላይ አሰረለት። ፒካርድ መዝገቡን ስታይ የአንዱ እጅ መስመር ከዚያ በፊት አይታው ወደማታውቀው ከፍታ ወጥቷል፤ ሌላኛው ዝም ብሏል። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ ጠረጠረች፣ ፈተሸች፣ አልተበላሸም። በመጨረሻ በዕረፍቱ ቤቱ ደውላ ያን ቀን፣ በዚያ ሰዓት ምን ሆኖ ነበር አለችው። ተማሪው ማስታወሻ ይይዝ ነበርና ገልጦ አየ፤ ወንድሙ በዚያው ሰዓት አካባቢ ከባድ የሚጥል በሽታ ተነስቶበት ነበር። ከዚያ የተነሳው ምርምር የሚጥል በሽታን የሚያስታውቅ አንባር ወልዶ፣ በ2018 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አገኘ። ስልኩ ባይደወል፣ ማስታወሻው ባይኖር፣ ያ መስመር እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ይጣል ነበር።

እናቴ በደህና ወጥታለች። የዚያን ዕለት የልቤ መስመር እስካሁን ስልኬ ውስጥ አለ፤ ከ120 በላይ ያለው ጉብታም፣ ወደ 88 የወረደበትም። ከጎኑ በእጄ «እናቴ ቀዶ ሕክምና ላይ፤ ከአንዲት እናት ጋር ስለ ልጃቸው ስናወራ» ብዬ ጽፌበታለሁ። እናንተም እንዲህ ያለ ሰዓት ካሰራችሁ፣ ወይም ከባሕር ማዶ ለአባትና ለእናታችሁ ከላካችሁ፣ ከቁጥሩ አጠገብ በዚያ ሰዓት የት እንደነበራችሁና ማንን ታስቡ እንደነበር አንድ መስመር ጻፉ፤ ጭንቀቱ ከርሞ እንቅልፍና ምግብ ከከለከላችሁም ሁለቱን አንድ ላይ ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።